ያልተጨረሰው የፍየል ወግ

«ለእሷስ?» አለች አንዷ።

«ለእሷ ምን?» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልያዝኩትም። አጥሚት የሚል ቃል ነበረበት። «ደግሞ ምን ወልዳ!» የሚልም ነበረበት፣ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል። ብቻ የድስት ክዳን ሲከደን ሰማሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ደግማ አልተናገረችም።

ይህን የሰማሁት ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ሰፈራችን ገንደቆሬ፣ ተማም ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ። ፍየል ገፍፌ እጄን ልታጠብ ዞር ባልኩበት። ሴቶቹ እነማን እንደነበሩ፣ «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። የማድ ቤት ወሬ ነው ብዬ ወደ ወንዶቹ ተመለስኩ። ወሬው ግን ከኔ ጋር ቀረ። አንዳንዴ ሰላት ላይ ቆሜ ልቤን ልሰበስብ ስል፣ ያቺ «ለእሷስ?» ያለች ድምፅ ትመጣብኛለች። አስተግፍሩላህ ብዬ አልፋታለሁ።

ተማም የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን ጉልበቱ እምቢ ስላለው ቤት ውሏል። እኔ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ የተሰበረ እየፈታሁ፣ ያልገባኝን እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ሬዲዮ የቱ ጋ እንደታመመ የሚነግርህ ድምፁ ነው፤ ስለዚህ ሥራዬ ማዳመጥ ነው ማለት ይቻላል። ሰፈርተኛም ነገር ሲገጥመው «ሙስአብን ጥሩት፣ እሱ ይሰማል» ይላል። እንደሚሉኝ ብሆን ደስ ባለኝ።

ከሰዓት ከሰዓት ተማም ቤት በርጫ አለ። ጫቱ ይቀርባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርባል፣ ወግ ይቀርባል። ከወጎቹ ሁሉ የማይቀረው የፍየሉ ወግ ነው። አዲስ እንግዳ ከመጣማ ግድ ነው።

«እኔ በር ላይ ቁጭ ብያለሁ» ብሎ ይጀምራል ተማም፣ ትራሱን ብብቱ ስር አስገብቶ። «ሀምዲያ ውስጥ ናት፣ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። አዋላጇ ዐስሊ ናት፣ አላህ ይርሐማት። የሰፈራችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ለወንድ ሰባት እልልታ፣ ለሴት ሦስት። ጆሮዬን እንደ አህያ ቀስሬ እቆጥራለሁ። አንድ! ሁለት! ሦስት! እዚህ ላይ ልቤ ቀጥ አለች። አራት! አቦ! አምስት! ስድስት! ሰባት! ዘለልኩ እላችኋለሁ! ከጀልዴሳ ያስመጣሁትን ሙክት በቀንዱ ጎትቼ፣ 'ወሪያ ሙስአብ፣ ያዝ!' ብዬ፣ ቢስሚላህ!»

«ከዚያስ?» ይላል ቡልቻ። ቡልቻ የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ወጉን ከተማም በላይ ያውቀዋል፣ ግን «ከዚያስ» የማለት ድርሻ የሱ ነው።

«ከዚያማ ዐስሊ ብቅ አለች። 'ምን እያደረግክ ነው?' አለችኝ። 'ለልጄ ነዋ!' አልኳት። 'ልጅህ እኮ ሴት ናት' አትለኝም! ለካ ዐስሊ ያለችው ሦስቱን ብቻ ነው። አራቱ ከመንገድ የመጣ ነው! ሙሽራ የጫኑ ፔጆዎች በበራችን እያለፉ! ፍየሌ ለማላውቀው ሙሽራ ታረደ!»

ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ወጉ እዚህ ላይ ያልቃል።

ልጅቱ ራሕማ ናት። በዚህ ወግ ውስጥ ነው ያደገችው። ትንሽ ልጅ ሆና ጆግ ተሸክማ ስትገባ «ፍየሊቱ መጣች!» እንላታለን። ትስቃለች። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ስታሳይ፣ ሽሬ የሚባለው የበርጫው ሰው «በል ተማም፣ አንድ እግሩ ተመለሰልህ» አለው። ስትዳር ደግሞ ቡልቻ ጥሎሹን አይቶ «ፍየሉ ግመል ሆኖ መጣ!» ብሎ ሠርግ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ያኔም ሳቀች። ልጅ ሲስቅ ደስ ብሎት ነው ብለን ተቀምጠን ነበር።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ወጉ ፍየሉ መታረዱ ጋ ሲደርስ እናቷ ሀምዲያ ክፍሉ ውስጥ ካለች ትወጣለች። ወይ ጆጉ ጎድሏል፣ ወይ ሰው የጠራት ይመስላታል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። አስተውዬ ምን አደረግኩ? ምንም።

ራሕማ የተዳረችው መልካ ጀብዱ ነው። ባሏ ዐብዲወሊ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ መጋዘን ይሠራል፤ እሷም እዚያው ልብስ ስትሰፋ ቆይታ ሆዷ ሲገፋ ዕረፍት ወጣች። የበኩር ልጅ ሲወለድ የሚታረሰው በእናት ቤት ነው። ልጅቱ ሆስፒታል ብትወልድም አራስነቷን የምትጨርሰው እናቷ ጋ ነው፤ ይህ ከቀረ ሰፈር ይጠይቃል። ሀምዲያ ራሷ እናቷ ቀድማ ስለሞተችባት ባሏ ቤት ነበር የታረሰችው፤ ለልጇ ግን ክፍሉን ኖራ አስቀብታ፣ የአጥሚቱን እህል ቆልታ አስፈጭታ፣ ጠበቀች። ተማምም ለሙቀቱ ብሎ ማራገቢያ ገዛ፤ መርጬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። «ድምፅ የሌለው ይሁን፣ ሕፃን አለ» አለኝ ደጋግሞ። ይህን የምጽፈው ሰውየው ልጁን የማይወድ እንዳይመስል ነው። ይወዳታል።

አንድ ቀን በርጫው ሞቆ ሳለ ራሕማ ደወለች። ተማም የሞተር ድምፅ ጆሮውን ስላደከመው ስልኩን ሁልጊዜ ላውድ ስፒከር ላይ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ ሁላችንም እንሰማለን።

«አባ፣ ዛሬ አልትራሳውንድ ታየሁ።»

«እሺ ልጄ! ደህና ነሽ? ሕፃኑስ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ሴት ናት አሉኝ።»

ተማም ዞር ብሎ አየን። ቀልዱ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ አየሁት፤ ሊይዘው ይችል ነበር።

«እንኳን ቀድመሽ ነገርሽን! በቃ ዘንድሮ ፍየል አናባክንም!»

ሳቅን። ሽሬን ውሃው ትን አለው። ቡልቻ ጭኑን እየመታ «ዘመናዊ ነገር ጥሩ ነው! ሙክት ያተርፋል!» አለ። እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ ሲበርድ ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

«ኔትወርክ ነው» አለ ተማም።

ኔትወርክ አልነበረም።

በሳምንቱ ዐብዲወሊ ደወለ። በትሕትና፣ አማቱን እያከበረ፣ ራሕማ እዚያው መልካ ጀብዱ እናቱ ጋ እንደምትታረስ ተናገረ። ተማም መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ ለመነ። ልጅቱ ራሷ ስልክ አላነሳችም። ነገሩ ተሰማ። ከመስጊድ ስንወጣ አንዱ ሽማግሌ «ተማም፣ ልጅህ መጣች ወይ?» ሲለው፣ «ትመጣለች፣ ትመጣለች» ብሎ ጫማውን ፈለገ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

«ሂድልኝ» አለኝ ያን ቀን። «አንተን ትሰማለች። ምን እንደነካት ጠይቅልኝ። በቀልድ እንዲህ ይኮናል?»

ሄድኩ። መልካ ጀብዱ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ለኔ ግን ረዘመብኝ። ራሕማ በረንዳ ላይ ሰሌን ዘርግታ፣ ያበጡ እግሮቿን ትራስ ላይ ጭና አገኘኋት። ልትነሳ ስትል ከለከልኳት። አዴሮ ነው የምትለኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«አዴሮ፣ አባ ነው የላከህ?»

«እናትሽም ናፍቃሻለች።»

«እሷ ግን አልላከችህም።»

«አልላከችኝም» አልኩ። ነፍሰ ጡር ፊት ቁጭ ብዬ ልዋሽ አልቻልኩም።

ውሃ አስመጣችልኝ። ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ስለ እግሯ እብጠት አወራን። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ልጄ፣ አባትሽ የተናገረው በቀልድ ነው። ሲወድሽ ነው» አልኳት።

«እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ለኮሌጅ የከፈለልኝ ማን ሆነና።» እግሯ ስር ያለውን ትራስ አስተካከለች። «አዴሮ፣ የፍየሉን ወግ ታውቀዋለህ?»

«እንዴት አላውቀውም? እግሩን ይዤ ያሳረድኩት እኔ ነኝ።»

«እስኪ ንገረኝ።»

እንድትስቅልኝ ብዬ ነገርኳት። እንደ ተማም አድርጌ፣ እልልታውን በጣቴ እየቆጠርኩ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንድም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ፍየሉ ለማናውቀው ሙሽራ ታረደ ብዬ ጨረስኩ።

«ከዚያስ?» አለች። እንደ ቡልቻ አይደለም ያለችው።

«አለቀ።»

«ስጋውስ የት ሄደ?»

«ተበላ ነዋ።»

«ማን በላው?»

«እኛ… ጎረቤት። የመጣው ሰው ሁሉ።»

«እማስ?»

ያኔ ነው ያቺ ድምፅ ከቆርቆሮው ጀርባ ተመልሳ የመጣችው። «ለእሷስ?» ይህን ሁሉ ዓመት «እሷ» ማን ናት ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ የዚያን ቀን ስንት «እሷ» ነበረች?

«እማ የነገረችኝ አማርራ አይደለም» አለች ራሕማ። «ምን አማረሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ የፍየል መረቅ አልኳት። በስልክ ነው። ዝም አለች። ጠፋች ብዬ ሃሎ ሃሎ ስል 'እኔም ያኔ አምሮኝ ነበር' አለችኝ። አዴሮ፣ አባ ሴት መሆኔን ሲሰማ 'ስጋው አንድ ሳይቀር ወደ ወንዶቹ ይውጣ' ብሎ አዘዘ። አፍሮ ነው፤ ሰው እንዳይስቅበት ፈርቶ፣ ግብዣ ለማስመሰል። አያቴ፣ የአባ እናት፣ ድስቱን ከደነችው። 'ለሴት አራስ አጥሚት ይበቃል' አለች። እማ እኔን ታቅፋ፣ ገና ደሟ ሳይቆም፣ እናንተ ከግድግዳው ወዲያ አጥንት ስትሰብሩ ትሰማ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ቅልጥም ነበረበት። ለኔ የደረሰኝን አስታውሳለሁ፤ ጣፍጦኝ ነበር። ስለ ሴት ልጅ ዲናችን የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጁምዓ ቁጭ ብለን ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማዋለን። ያን ቀን ግን ከግድግዳው ወዲያ አንዲት አራስ አለች ብሎ ያሰበ ወንድ አልነበረም። ለራሕማ ታናሽ ወንድም ለሳላሀዲን ጊዜ መረቁ በጎድጓዳ ሳህን ለሀምዲያ ሲገባላት አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

«ለሳላሀዲን ጊዜማ በግድ አጎረሷት» አለች፣ ሐሳቤን የሰማች ይመስል። «'አልዋጥልኝ አለ' ነው ያለችኝ።»

«ምን ልበለው ታዲያ?»

«ፍየል ይገዛል። አባን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሙክት ባጃጅ ላይ ጭኖ ይመጣል። ፍየል አልፈልግም። ወጉን ይጨርሰው። እዚያው በርጫ ላይ፣ ሲስቁ የኖሩት ሰዎች ፊት፣ ስጋውን ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ፣ ማን እንዳዘዘ ይናገር። እኔም በስልክ ልስማው። ያን ቀን እቃዬን ይዤ እመጣለሁ። ካልሆነ ልጄን ይዤ እዚያ ቤት አልገባም። አድጋ ጆግ ይዛ ስትገባ ምን ብለው እንደሚጠሯት አውቀዋለሁ።»

ልሄድ ስነሳ «አንተን አልተቀየምኩህም አዴሮ» አለችኝ። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ተማም በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ነገርኩት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ገና ሳልጨርስ «ሁለት ሙክት እገዛለሁ!» አለ። «ሦስት ትበል! ነገውኑ ጀልዴሳ እልካለሁ!»

«ፍየል አልፈልግም ብላለች።»

«ታዲያ ምን? ቡልቻ ፊት? ሽሬ ፊት? ሽማግሌ ሆኜ በገዛ ቤቴ ልዋረድ?» ድምፁ ግቢውን ሞላው። «ደግሞ ማን አለ አልበላችም? ማን ነው ይህን ወሬ ያመጣው? ሀምዲያ! ነይ እስኪ!»

ሀምዲያ የሕፃን ጨርቅ ስታጥፍ ነበር፤ አንዱን እንደያዘች ወጣች።

«ያኔ፣ ራሕማ ስትወለድ… ከፍየሉ አልቀመስሽም እንዴ?»

አየችው። ከዚያ የያዘችውን ጨርቅ አየችው።

«ሽታው ደርሶኛል» አለች።

በቁጣ አላለችውም። ሰዓት ስንት ነው ተብላ እንደመለሰች ነበር። «አሁን ያ አልፏል። ልጄን ብቻ አምጡልኝ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ተማም ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት ከባድ ነው፤ ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል። «አልጠየቅኳትም» አለ። «ወላሂ ሙስአብ፣ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። በልታለች ብዬ ይሆን? እንጃ። አላሰብኩትም።» ከዚያ ዝቅ ብሎ «ሰው ሳይስቅብኝ እኔ ልቅደም ብዬ ነው ወጉን የጀመርኩት። ሲስቁ ቀለለኝ። ደገምኩት» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ በርጫ ቀረ። ጉልበቴን አሞኛል እያለ ሰዎቹን ከበር ይመልሳል። ቡልቻ ሱቄ መጥቶ «ሰውየው ምን ሆነ? ጫት አቆመ ወይስ እኛን?» አለኝ። ወደፈታሁት ሬዲዮ ጎንበስ አልኩ። የራሕማ ቀን እየተቃረበ ነው። ኖራ የተቀባው ክፍል ውስጥ ማራገቢያው በካርቶኑ እንዳለ ተቀምጧል። ሀምዲያ አንዴም አልጨቀጨቀችውም፤ ያ ይመስለኛል የባሰበት።

አንድ ቀን የዐስር ሰላት ሰግደን አብረን ስንመለስ እጄን ያዘኝ።

«አንተ ተናገርልኝ። አንተ አነጋገር ታውቃለህ፣ እኔ እዚያው እቀመጣለሁ። ዋናው መነገሩ አይደል?»

እጄን እንደያዘ ብዙ መንገድ ሄድን። ሰውን መጫን አልወድም፤ ግን የዚያች ልጅ ያበጠ እግር ዓይኔ ላይ ነው።

«እኔ የበላሁትን እናገራለሁ» አልኩት። «እናገራለሁ፣ አልቀርም። ያዘዝከውን ግን አንተ ነህ የምትናገረው።»

«ቡልቻ ይስቃል።»

«ይሳቅ።»

«መሃል ላይ ቃል ቢጠፋኝስ?»

«እንጠብቅሃለን። ዝም ብለን እንጠብቅሃለን።»

ግቢው ደረስን። ሀምዲያ በር ላይ ቆማ ነበር። ተማም እንደ ጥፋተኛ ልጅ ፊቷ ቆመና፣ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ወጉን እንደሚጨርስ፣ እሷም እንድትቀመጥለት፣ መሃል ላይ ተነስታ እንዳትወጣበት ነገራት። ሀምዲያ በበሩ በኩል ወደ በርጫው ክፍል አየች፤ ፍራሹን፣ የወንዶቹን ትራሶች፣ እሷ ውሃ አስቀምጣ የምትወጣበትን ምንጣፍ።

«የት ነው የምቀመጠው?» አለች።

ተማም ገባ። እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይቼ ከማላውቀው፣ ከመስኮቱ ስር ካለው ከራሱ ቦታ፣ ትራሱን አነሳና ወደ ጎን አደረገው።

«እዚህ» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እሺ፣ ነገ ከዐስር በኋላ ጥራቸው፤ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። «ለራሕማ የምትደውለው ግን አንተ ነህ። ስልኩንም አንተ ያዝልኝ፣ እጄን አላምነውም።»